ስፓኒሽ በማንኪያ

አበዛሽ ቦንጋ ገበያ ዳር ጨርቅ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። በስተርጅና ስፓኒሽ ትማሪያለሽ ያላት ሰው ቢኖር በጨርቅ መለኪያ ሜትሯ ባባረረችው ነበር። ግን ባሏ ከፈለኝ አልበላም አለ፤ ሞት ደጃፏ ላይ ሲቆም ሰው የማይማረው ነገር የለም።

ከፈለኝ እዚያው ካፋ ውስጥ የዋጫ ከተማ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከብዙ ሕፃናት ጋር ኩባ ተልኮ፣ እዚያው ትራምፔት እየተማረ አደገ። ተመልሶ ቦንጋ ሥራ ያዘ፣ አበዛሽን አገባ፣ ትራምፔቱም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታው። እግሩ ሲድን አንደበቱ አልዳነም፤ አማርኛውም የካፋ ቋንቋው ካፊኖኖም ከአፉ ጠፉ። ሚስቱን እንደ እንግዳ ያያታል። ማንኪያ ሲቀርብለት ጥርሱን ይገጥማል። ሐኪሙም «ካልበላ ብዙ አይቆይም» ብሎ እቅጩን ነገራት። አበዛሽ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ተሳለች፣ እግሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ምንም።

አንድ ቀን ግን ለብቻው ሲያጉረመርም ሰማችው። ቃሉ አማርኛ አይደለም። ስልኳን አፉ አጠገብ ይዛ ጅማ ለሚኖሩት፣ ኩባ አብረውት ለተማሩት ጓደኛው ለጋሽ ሰብሃት ደወለች። አዳመጡና ድምፃቸው ተሰበረ።

«ይኼ እኮ የሙዚቃ ክፍላችን ነው! መምህርታችን ትለን የነበረውን ነው የሚደግመው። ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ እያለ ምት ይቆጥራል። ‹ሬስፒራ› ማለት ተንፍስ ነው፤ ከመንፋታችን በፊት አፋችንን ከፍተን አየር እንስብ ነበር።»

አበዛሽ የሰማችው አፍ መከፈቱን ብቻ ነው። አጥሚቱን ይዛ ቆጠረች። «ሬስፒራ!» ስትለው እውነትም አፉን ከፈተ። ማንኪያውን ከተተች፤ አጥሚቱ ከሳበው አየር ጋር ወረደና ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ጀርባውን እየመታች «ገደልኩት! በገዛ እጄ ገደልኩት!» ብላ ስትጮህ ጎረቤት ተሰበሰበ። እሱ ሲተርፍ እሷ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይተወው ነበር። እሷ ደግማ ደወለች።

«ሌላ ቃል ይስጡኝ፣ ጋሽ ሰብሃት። ተንፍሶ ሲያበቃ የሚያቆምበት ቃል የለም?»

ነበረ። «ሲሌንስዮ» ይባላል። ኖታው ላይ እረፍት ሲመጣ ነፊው ትራምፔቱን ከከንፈሩ አውርዶ፣ አፉን ዘና አድርጎ ይጠብቃል። አበዛሽ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እየቀደደች ሲሌንስዮን፣ ቀስ ለማለት ማስ ዴስፓስዮን፣ እንደገና ለማለት ኦትራ ቤስን ስታነበንብ ደንበኞቿ አበደች አሏት። ይበሉ።

በማግስቱ ቆጠረች፤ ተነፈሰ። «ሲሌንስዮ» አለችው፤ ከንፈሩ ላላ። አጎረሰችው። ዋጠ! «ኦትራ ቤስ።» ዋጠ። ሳህኑ ሲያልቅ ከፈለኝ ቀና ብሎ አያትና፣ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«ግራስያስ፣ ማኤስትራ።»

ስልክ ደውላ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። «አመሰግናለሁ፣ መምህርት ማለቱ ነው» አሏት ጋሽ ሰብሃት።

ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ኖራ፣ የኩባ አስተማሪ ሆና ትቅር? «‹ሚስትህ ነኝ› የሚለውን ያስተምሩኝ» አለቻቸው። ቃሉን ቀኑን ሙሉ አጠናች። እራት ሲደርስ ጸጉሯን ተሠርታ፣ እጁን ይዛ፣ «ሶይ ቱ ኤስፖሳ» አለችው።

ከፈለኝ እጁን መነጨቃት። መምህርቱ የማይሆን ነገር የነገረችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ አፍሮና ፈርቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ማታ አልበላም። ጠዋትም አልበላም። ምሳም አልፎ ሄደ።

አበዛሽ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ወንበሩን ራቅ አድርጋ፣ እንደ አስተማሪ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ» ብላ ቆጠረች። ከፈለኝ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ሲ፣ ማኤስትራ» ብሎ እሺ አለና አፉን ከፈተ።

ሚስቱ መሆኗን ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ቋንቋ አልነገረችውም።