ምንጩን ያተረፈው አደባባይ

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ጂማ በረዳት ቀያሽነት የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዋና ቀያሹ ጋሽ ታምሩ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ አስጨበጡኝና፣ "ይሄን ቀጥ አድርገህ መያዝ ከቻልክ ግማሹን ሙያ ተማርክ" አሉኝ። ወዲያው በላንድሮቨር ከየቡ ወዲያ ወዳለችው ትንሽ የቡና ከተማ፣ ወደ ቡርቃ ሄድን። የመጀመሪያ ፕላኗን ልንሠራላት ነበር።

ቀያሽ ከተማ ሲገባ አስቀድሞ የታወቁትን ቦታዎች ይመዘግባል። መስጊዱንና ወፍጮ ቤቱን መዘገብን። ሰዎቹ ግን ጎትተው ወደ ምንጩ ወሰዱን። ቡና በበቅሎ ሲያመላልሱ ያረጁት አባ ነጋ ታሪኩን ነገሩን። ጂማ የሚወርዱ ነጋዴዎች በቅሎ የሚያጠጡት እዚያ ነበር። አንዲት ሴት ቂጣ ልትሸጥላቸው ጎጆ ቀለሰች። ቀጥሎ አንድ ጉራጌ ሱቅ ከፈተ፤ ከወላይታ የመጣ አናጢም አጠገቡ ሰፈረ። ቡርቃ የተቆረቆረችው እንዲህ ነው። ስሟም በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው።

ቴዎዶላይቱን፣ የቀያሽ መነጽሩን፣ ተክለን ስናይ ልንቀይሰው ያሰብነው ዋና መንገድ ምንጩ ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ ታምሩ ጠማማ መንገድ ከሚያዩ ቢታመሙ ይመርጣሉ። "ምንጩ ይደፈናል" አሉ።

ውሃ ሊቀዱ የመጡ አደ ዘይነባ የሚባሉ እናት እንስራቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ቢሻን ኬኛ፣ ውሃችን ላይ አፈር ልትደፉበት ነው? ያ ረቢ! ምን ልንጠጣ ነው?"

አፈርኩ። የመንገዱን ችካል ግን በምንጩ ላይ አሳልፈን ተከልን።

ማግስቱ የገበያ ቀን መሆኑን ማናችንም አልጠየቅንም ነበር። ገበያተኛው መንግሥት የበቅሎ ማሰሪያ የተከለለት መስሎት፣ "አላህ ይስጣቸው" እያለ በቅሎውን አሰረ። በቅሎዎቹ ችካሉን ነቃቀሉት። ሰዎቹ ደግሞ ጨዋ ናቸውና፣ የተነቀለውን ሁሉ መልሰው ተከሉ። የተከሉት ግን በቅሎ ውሃ እንዲያገኝ ምንጩን ዙሪያውን ከበው ነው።

በነጋታው ጋሽ ታምሩ በመነጽሩ ሲያዩ፣ "መንገዱ ሰክሯል እንዴ!" አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን አልሳቀም። "አሻጥር ነው! የፀረ አብዮት ሥራ ነው!" ብሎ መጀመሪያ በቅሎ ያሰሩትን አባ ነጋን ቀበሌ ውስጥ አሰራቸው። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ያስበላ ነበር። ፈራሁላቸው።

መመሪያችን እያንዳንዱ ከተማ አብዮት አደባባይ እንዲኖረው ያዝዛል። ጋሽ ታምሩ የቡርቃን በፕላኑ ላይ ከገበያው ጀርባ ጥለውት ነበር።

"ጋሼ፣ አደባባዩን ምንጩ ላይ ቢያደርጉትስ?" አልኳቸው። "መንገዱ ይዞርለታል። ክብ ደግሞ ጠማማ አይባልም።"

ትክ ብለው አዩኝ። "አይባልም" አሉና እርሳሳቸውን አወጡ።

ሊቀመንበሩን ለማሳመን የሄድኩት እኔ ነኝ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እነዚህ ችካሎች እኮ የአብዮት አደባባይ ክብ ሆነዋል። ሕዝቡ ራሱ ቦታውን አሳይቶናል።"

ችካሎቹን አየ፤ እኔን አየ። አብዮት አደባባይ አልፈልግም የሚል ሊቀመንበር ገና አልተወለደም።

"የነቃ ሕዝብ ነው ያለኝ!" አለ። አባ ነጋ ምሳ ሳይደርስ ተፈቱ።

አደባባዩ በተመረቀ ቀን ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አደረገ። አባ ነጋ ንግግሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ በቅሏቸውን እየሳቡ መሀል አደባባዩ ገብተው አጠጧት። ሴቶቹ እልል አሉ። ሊቀመንበሩ እልልታው ለእሱ መስሎት እጁን አወዛወዘ። ጋሽ ታምሩ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ "ከዛሬ ጀምሮ በመነጽሩ አንተ ታያለህ" አሉኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ኋላ አደባባዩ ስሙ ተለወጠ። ምንጩ ግን ዛሬም ይቀዳል። ጡረታ እስክወጣ ብዙ ከተማ ቀየስኩ። ለወጣት ቀያሾች የምለው ይህን ነው፦ ችካል ከመትከላችሁ በፊት ውሃ የት እንደሚቀዳ፣ ገበያ መቼ እንደሚቆም ጠይቁ።