ለአውሮፕላን ሜዳው በዓል የሰጠሁት ስም

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ክራር ይዤ የቆምኩት በግንቦት ልደታ ዕለት ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ከመግባቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። ቦታው ከልደታ ማርያም በታች ያለው ሜዳ ነበር። ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ንፍሮውንና ጠላውን ይዞ ከየጎረቤቱ ጋር ተቀምጧል። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬ አናጢነት ነው፤ ክራሩንም የሠራሁት ራሴ ነኝ።

ቤት ውስጥ ሆኜ አሳምሬ ቃኝቼው ነበር የመጣሁት። ፀሐይ ላይ ትንሽ እንደቆምን የአንጀት ክሮቹ ጠባያቸውን ለወጡ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከማሲንቆው ጋር ተጣላሁ። የቡድናችን መሪ ጋሽ ወርቁ ደጋናቸውን ሳያቆሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ክራሩን ተወውና አጨብጭብ» አሉኝ። እስክንበተን ድረስ አጨበጨብኩ።

ስንበተን አልተቆጡኝም። ክራሩን ተቀብለው ቀንበሩ ላይ የተጠቀለሉትን ጨርቆች አንድ በአንድ እያዞሩ ቃኙት። በሚቀጥለው ጊዜ ከሰዉ አንድ ሰዓት ቀድሜ እንድመጣ፣ ክራሩን የምጫወትበት ቦታ ላይ አስቀምጬ አየሩን ካስለመድኩት በኋላ እንድቃኘው ነገሩኝ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

እናንተ ወጣት ተጫዋቾች በየእሁዱ ስትሰበሰቡ በየሠርጉና በየበዓሉ የገጠማችሁን ታወራላችሁ። ክሩ የተበጠሰበት አለ፣ ዳስ የፈረሰበት አለ፣ ሙሽራው ዘፈን ያስቆመበት አለ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው የማወራው ጠፍቶኝ አይደለም።

አራት ነበርን። አንዳችንም አዝማሪ አልነበርንም። አዝማሪነት ከአባት የሚወረስ ሙያ ነው፤ እኛ በሥራ ቀን ሌላ እንጀራ ነበረን። ጋሽ ወርቁ አብነት ሰፈር፣ ከቤታቸው ጋር በተያያዘች ሱቅ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፤ ለማሲንቋቸው የሚሆነውን የፈረስ ጭራ ከደንበኞቻቸው ይመርጣሉ። ዘፈን የምታወጣው እትዬ የሺ ጥጥ ነጋዴ ነበረች። ከበሮ መቺው አበራ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ በማዕረግ የመጨረሻው ነበርኩ፤ ክራር እመታለሁ፣ ዘፈን እቀበላለሁ፣ ዕቃ እሸከማለሁ።

የጋሽ ወርቁ ሕግ አጭር ነበር። ሁለት ዘፈን ሳንጨርስ ጠላ አንቀምስም። ክራር መቺ ዓይኑ ደጋኑ ላይ እንጂ ቆነጃጅት ላይ አይሆንም። የሐዘን ቤት ባለበት መንደር ስናልፍ ከበሮው ይታፈናል። አበራ አንድ ጊዜ ይህን ረስቶ ሲመታ፣ ከበሮውን ከትከሻው አውርደው እስከ ቤቱ ድረስ ራሳቸው ተሸክመውት ሄዱ። ያ ለአበራ ከስድብ የባሰ ነበር።

ጣሊያን የገባው የሚቀጥለው ግንቦት ልደታ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከተማው ከዝርፊያና ከቃጠሎ ገና አልወጣም ነበር። በሰፈራችን የዚያን ዓመት ልደታ ንፍሮ የቀቀለ ሰው አላየሁም።

በተከታዩ የካቲት የሆነውን ጭፍጨፋ ሁላችሁም ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። የጋሽ ወርቁ ታናሽ ወንድም ከተክለ ሃይማኖት ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገደለ። ሬሳው አልተገኘም። ድንኳን መጣልም ሆነ ማልቀስ የማይቻልበት ጊዜ ስለነበር ጋሽ ወርቁ ለቅሶ የተቀመጡት ሱቃቸው ውስጥ፣ ኮርቻ እየሰፉ ነው። እኛም ደንበኛ መስለን አንድ በአንድ እየገባን ደረስናቸው።

ከዚያ አዝማሪ መታደን ጀመረ። ወሬ ያቀብላሉ፣ ሕዝብ ያነሣሣሉ ተብሎ ብዙዎች ተይዘው ሳይመለሱ ቀሩ። ለጣሊያን የአባት ሙያውን የያዘና በእሁድ የሚጫወት አንድ ነው፤ ማሲንቆ የተገኘበት ሁሉ አዝማሪ ነው። ጋሽ ወርቁ ማሲንቋቸውን በቆዳ ጠቅልለው ከኮርቻ ክምር ሥር ከተቱት። እኔ ክራሬን ፈታትቼ እንጨቱን ከሥራ እንጨቴ ጋር ቀላቀልኩት። ሠርግ እንኳ ያለ ዘፈን ይሠረግ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ጣሊያኖች ልደታ በሚያሠሩት የአውሮፕላን ማረፊያ በአናጢነት ተቀጥሬ ነበር። መስኮትና በር እገጥማለሁ። አለቃችን ካፖ የምንለው ጣሊያን ነበር፤ ከሌሎቹ አይከፋም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በትርፍራፊ ጣውላ ላይ ክራር እንደምመታ ጣቶቼን ሳንቀሳቅስ አየኝና ሳቀ። አስተርጓሚውን ጠርቶ ሙዚቃ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደማውቅ ነገርኩት።

አስተርጓሚው የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ነገሩን አስረዳኝ። በኅዳር የጣሊያኖቹ በዓል በአውሮፕላን ሜዳው ላይ ይከበራል፤ የአገሬው ሙዚቃም ይፈለጋል። የተጫወተ ሁሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። ያን ወረቀት የያዘ ሰው ዕቃውን በአደባባይ ይዞ ቢሄድ የሚነካው የለም።

እኔ የሰማሁት ወረቀቱን ብቻ ነው። ጋሽ ወርቁ ማሲንቋቸውን ከኮርቻው ሥር ሲያወጡ፣ በግንቦት ልደታ ተመልሰን ስንቆም ታየኝ። አስተርጓሚው እርሳሱን አውጥቶ፣ «እነማን ናችሁ?» አለኝ። የአራታችንንም ስም እስከነሰፈራችን ነገርኩት። በማዕረግ ቅደም ተከተል ይሁን ብዬ ጋሽ ወርቁን አስቀደምኩ። እያኮራኝ ነበር የማስጽፈው።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ አብነት ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ በወስፌ ቆዳ እየበሱ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ወስፌውን አስቀመጡት።

«ስሜን ማን ሰጣቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠይቀኸኝ ነበር?»

«አልጠየቅኩም፤ ወረቀቱ ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ ነው።»

ቆዳውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። ከዚያ የወንድማቸው ሙት ዓመት ገና እንዳልደረሰ፣ እስኪያወጡት ድረስ ለገዛ ልጃቸው ሠርግ እንኳ ማሲንቆ እንደማይነኩ ነገሩኝ። ለገደሉት ሰዎችማ በጭራሽ። ድምፃቸው አልተነሣም። ስማቸውን ማሰረዝ ይቻል እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ።

በማግስቱ አስተርጓሚውን ለመንኩት። ዝርዝሩ በዓሉን ለሚያዘጋጀው ጣሊያናዊ ሻምበል ቢሮ እንደተላከ፣ ከእንግዲህ የእሱ ሥልጣን እንዳልሆነ ነገረኝ። ባይጫወቱም መጥተው ይቁሙ አለ። ይህንንም ለጋሽ ወርቁ ነገርኩ። መቆምም መጫወት ነው አሉኝ።

እትዬ የሺ ሌላ ሐሳብ አመጣች። ጋሽ ወርቁ በዓሉ እስኪያልፍ ወደ ሰበታ ወደ ዘመዶቻቸው ይሂዱ አለች። ባለቤታቸው እትዬ አስካለም ይህን ደገፈች፤ ስንቅም አዘጋጀች። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። «እኔ ከጠፋሁ የሚይዙት እናንተን ነው። ቤቴ እገኛለሁ። ከጠየቋችሁ ሐዘን ላይ ነው፣ ቤቱ ተቀምጧል ብላችሁ እውነቱን ንገሯቸው» አሉን።

የበዓሉ ዕለት አየሩ ደረቅና ነፋሻ ነበር። እንደተማርኩት ቀድሜ ሄጄ መልሼ የገጠምኩትን ክራሬን ሜዳው ላይ ቃኘሁ። መጀመሪያ የጣሊያኖቹ ባንድ በነሐስ መለከት ተጫወተ። ከዚያ በግዴታ የመጣው የሰፈር ሰው በገመድ ተከልሎ በቆመበት እኛን ወደ መሐል አስገቡን።

ሻምበሉ ዝርዝሩን ለአስተርጓሚው ሰጠው። የመጀመሪያው ስም የጋሽ ወርቁ ነበር። መልስ የለም። ሻምበሉ ቀና ብሎ አየን። እትዬ የሺ አፏን ልትከፍት ስትል እኔ ቀደምኳት።

«ታሟል» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ። ሐዘን የሚለው ቃል በእነሱ ፊት ክስ መስሎ ታየኝ። «ወንድሙን ገድላችሁ» ያልኩ መሰለኝ። በሽታ ግን ማንንም አያስቀይምም ብዬ ነው። አስተርጓሚው ተረጎመ። ሻምበሉ ለአንድ ወታደር አንድ ነገር ተናገረና እንድንጀምር በእጁ ምልክት ሰጠን።

ጀመርን። እንደዚያ ያለ ጨዋታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም። ማሲንቆ ስለሌለ ዘፈኑን የሚመራ የለም፤ ክራሬ ባዶውን ቦታ ሊሞላ አልቻለም። ነፋሱ የእትዬ የሺን ድምፅ ከአፏ እየነጠቀ ወደ ሌላ ይወስደዋል። ከገመዱ ወዲያ ያለው ሰው አያጨበጭብም፣ እልል የሚል የለም። የምናውቃቸው ጎረቤቶቻችን እግራቸውን እያዩ ቆመዋል።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ የወታደር መኪና ከሜዳው ወጥቶ ወደ አብነት አቅጣጫ ሲሄድ አየሁ። አበራም አየው፤ ከበሮው አንድ ምት ዘለለ። ማቆም አልቻልንም። አስተርጓሚው ፊታችን ቆሞ ቀጥሉ ቀጥሉ ይላል። እትዬ የሺ እንባዋ እየወረደ የደስታ ዘፈን ዘፈነች። አራት ዘፈን ተጫወትን።

የሆነውን እትዬ አስካለ በኋላ ነገረችን። ወታደሮቹ ሲገቡ ጋሽ ወርቁ ሱቃቸው ውስጥ ደኅና ሆነው ኮርቻ እየሰፉ አገኟቸው። ታሟል የተባለው ሰው አንተ ነህ ወይ ብለው ጠየቁ። እሳቸው እኔ ምን እንዳልኩ አያውቁም፤ አልታመምኩም፣ ሐዘን ላይ ነኝ አሉ። ሱቁን በረበሩት፤ ማሲንቆውን ከኮርቻው ሥር አወጡት። ማሲንቆ የደበቀ አዝማሪ ነው፣ ዋሽቷልም ብለው መኪናው ላይ ጫኗቸው። ጫማቸውን እንኳ አላደረጉም ነበር።

በሳምንቱ ካፖውን ለመንኩት። ጉዳዩ የእሱ እንዳልሆነ ተናግሮ ፊቱን አዞረ። አስተርጓሚው ግን ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ሻምበሉን ያስቆጣው መቅረታቸው ሳይሆን መዋሸታችን ነው፤ ሐዘን ብትሉ ኖሮ ምናልባት ያልፈው ነበር አለኝ። እውነት ይሁን የራሱን ጥፋት በእኔ ላይ ሊያራግፍ ይሁን አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለሦስታችን ሰጡን። አበራ የራሱን ዕለቱኑ ቀደደው። እትዬ የሺ ጥጥ ስትነግድ ኬላ ማለፊያ አደረገችው፤ ልጆች ነበሯትና አልፈረድኩባትም። እኔ የእኔን ይዤ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ስማቸውን የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ታሟል ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ማወቅ ይገባታል ብዬ ነው።

ስማቸውን መስጠቴን ታውቅ ነበር። ውሸቱን አታውቅም ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ አየችውና መለሰችልኝ።

«እሱ በአንተ አልተቀየመም፤ ልጅ ነው፣ ለደግ ብሎ ነው ብሎኛል» አለችኝ። «እኔ ግን እንደሱ አይደለሁም፣ ደምሴ። አልረግምህም። ደጄ ላይ ግን ሙዚቃ እንዳታሰማኝ።»

ጋሽ ወርቁ ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ሙቀቱ አገር እስር ቤት እንደተወሰዱ የሰማነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አብሯቸው ታስሮ የነበረ አንድ ሽማግሌ አብነት ድረስ መጥቶ እትዬ አስካለን አገኛት። በወባ እንደሞቱ፣ እስኪሞቱም የእስረኞችን ጫማ ይጠግኑ እንደነበር ነገራት። ለምን ታሰርክ ሲሏቸው በማሲንቆ ምክንያት ይሉ ነበር። የማንንም ስም አላነሡም።

ንጉሡ ወደ ከተማው የተመለሱትም ግንቦት ልደታ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ዓመት የልደታ ሰው ሁሉ ሜዳ ወጣ። ተጫወቱልን ብለው ለመኑን። ሦስታችንም ወጣን፤ ሌላ ማሲንቆ መቺ አምጥተውልን ነበር፤ ጎበዝ ነው። ሰዉ ጨፈረ፣ አለቀሰ። ከሜዳው ወደ አብነት እየዘፈኑ ሲያጅቡን የእትዬ አስካለ በር ከመድረሱ በፊት እጄን አነሣሁ። አበራ ከበሮውን አቆመ፤ ሰዉም ግራ ገብቶት ዝም አለ። በሩን እስክናልፍ በእግራችን ድምፅ ብቻ ሄድን።

እትዬ አስካለ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ እንዲሁ አደረግን። አንድም ዓመት በሩን ከፍታ አላየችንም። ከእኔ ጋርም መንገድ ላይ ስንገናኝ ደኅና ነህ ወይ ትለኛለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበረንም። ስትሞት ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ።

እናንተ ዛሬ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለመንግሥት ዝግጅት ስትጠሩ የተጫዋቾች ዝርዝር አምጡ ትባላላችሁ። ጊዜው ሌላ ነው፤ የሚያስፈራም ላይሆን ይችላል። ቢሆንም የጓደኛችሁን ስም ከማስጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለም ለምን እንደቀረ በእናንተ ቃል ሳይሆን በራሱ ቃል ተናገሩለት።