ከሲምፎኒው በፊት የተለቀቀ ወንበር

የሱሉልታ ሰው አዲስ አበባ ድግስ ሲጠራ በር አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ሲመሽ ታክሲ ስለሚጠፋ ቀድሞ መውጣቱ አይቀርም፤ ማንም አይቀየመውም። በዚያ እሑድ እኔና አከራዬም ኮንሰርት አዳራሽ ስንደርስ ሳንነጋገር በሩ ጥግ ተቀመጥን።

አከራዬ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሙዚቃ ተምራ፣ ከተማ ባለ ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለቱን ትልልቅ የመዳብ ከበሮዎች ትመታለች። አንድም ቀን ስትጫወት ሰምተዋት ስለማያውቁ፣ «ቲቸር፣ አንተ ካላመጣኸው አይመጣም» ብላ ለምናኝ ነበር።

መምህር ነኝና መንገዱን ሙሉ ሳስረዳ ሄድኩ። መጀመሪያ ሁለት ኮንቼርቶ አለ፤ በአንዱ ቫዮሊን፣ በሌላው ፒያኖ ይመራል፣ ሌላው ያጅባል። ከዚያ እረፍት ይሆናል። ባለ አራት ክፍሉ ሲምፎኒ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ልጅዎ የምትመታው ያኔ ነው አልኳቸው።

«እስከዚያስ?»

«ትጠብቃለች።»

«ዘበኛ ናት በለኛ» ብለው ሳቁ።

የክብር እንግዳው ዘግይተው ስለመጡ ኮንሰርቱም ዘግይቶ ተጀመረ። አከራዬ ቫዮሊኑን በጥሞና ሰሙ። ፒያኖው ላይ ግን ዓይናቸው ወደ በሩ መመላለስ ጀመረ፤ ውጭው እየጨለመ ነበር።

በእረፍቱ ሰዉ ሲወጣ ልጅቷ ብቻዋን መድረክ ላይ ወጣች። ከበሮዎቹ ላይ አጎንብሳ፣ ጆሮዋን ወደ ቆዳው አስጠግታ፣ በዱላው ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች ትቃኝ ጀመር። አባትየው ተነስተው ቆሙ። አጠገባቸው የሚያወሩትን ሁለት ወጣቶች በእጃቸው ዝም አሰኙ። ቃኝታ ቀና ስትል ብቻቸውን አጨበጨቡ።

«ገለቶሚ፣ ልጄ» ሲሉ ቀስ ብለው በኦሮምኛ አመሰገኗት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰማኋት። በል ታክሲ ሳያመልጠን።»

ገና አልጀመረችም ልል አፌን ከፈትኩ። ፊታቸው እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ታክሲውም እውነት ነው፣ ያመልጠናል። ተከትያቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ደወለችልኝ። «ከመድረክ ሳይ ወንበራችሁ ባዶ ነው። አባዬ ምን አለ?»

«ቀስ አድርገሽ ስትመቺ ሰማሁ አሉ።»

«እሱ እኮ መቃኘት ነው፣ ቲቸር።»

«አውቃለሁ።»

አሁን አከራዬ ለጎረቤት ሁሉ ያወራሉ፤ የእሳቸው ልጅ ከበሮ እንደ ሌላው አይጮህም፣ በጆሮ ነው የሚመታ። እኔም እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እንዲህ ቢሳሳት ጠመኔ አንስቼ እስኪገባው አስረዳው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ሌላ ሲምፎኒ ሊጫወቱ መሆናቸውን ነገረችኝ፤ ለዚህኛው አባቷ ከተማ ውስጥ የሚያድሩበት ዘመድ ቤት ማዘጋጀቷንም ጨመረች። መልእክቷን አደረስኩ። አከራዬ አመሰገኑ።

«አንዴ ሰምቻታለሁ እኮ» አሉ። «ቦታውን ላልሰማ ሰው ትስጥ።»

መልሱን እየጠበቀች ነው። እስካሁን አልደወልኩላትም።