ከገበያው ጫፍ የማያልፍ ድምፅ

መጀመሪያ የሠራሁበት ጣቢያ የቱ እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ የድምፅ ማጉያ። በጃንሆይ ዘመን፣ ቴሌቪዥን የሚባለውን በስም እንኳ ሳናውቀው፣ በመኪና ባትሪ ይሠራ ነበር። ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ የማነበው እኔ ነበርኩ። ራዲዮ ከፍቼበት የት ድረስ እንደሚሰማ በእግሬ ሄጄ አረጋግጫለሁ። ጸጥ ባለ ቀን እስከ ገበያው ጫፍ ይደርሳል፤ ነፋስ ካለ የእህል ተራውን አያልፍም።

ከዚያ በፊት ገበያው የራሱ ለፋፊ ነበረው፤ ድንጋይ ላይ ወጥተው የሚናገሩ ሽማግሌ። ከብት ሲጠፋ ቀለሙንና ምልክቱን ይናገሩና "የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ብለው ይወርዳሉ። የሰማ ሁሉ በመንገዱ ላገኘው መናገር ግዴታው ነው፤ ዝም ያለ እንደ ሌባ ይቆጠራል። ወሬው በሁለት በሦስት ቀን አጎራባቾቹ ስማዳም እስቴም ይገባል።

ማጉያው በተሰቀለ በሳምንቱ የከተማው ሹም ከለከላቸው። "ከእንግዲህ እዚህ ገበያ የሚናገረው የመንግሥት አፍ ብቻ ነው።"

"ጌታዬ፣ ይኼ ቆርቆሮ እግር አለው እንዴ?" አሉ ሽማግሌው። "የእኔን ቃል እኮ ገበያተኛው ተሸክሞ እስቴ ያደርሳታል።"

"አንተ እግር ካለህ ውረድ!"

ሰኔ እንደገባ አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት በሬ ጠፋባቸው። ያላቸው እሱ ብቻ ነው፤ ከጎረቤታቸው አንድ በሬ ጋር አቀናጅተው ያሳርሱ ነበር። ገብሱ በሰኔ ካልተዘራ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤት መጥተው ለመኑ።

"ቀይ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ግራ ቀንዱ ሰባራ ነው።"

ሹሙ ሳቀባቸው። "የጃንሆይ ቃል በሚነገርበት በሬ ይጠራበት?"

ምልክቱን በወረቀት ጽፌ ነበር። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በሚቀጥለው ገበያ ሽማግሌው ሴትዮዋን አስከትለው ድንጋዩ ላይ ወጡ። እኔ ስለ አውራጃ ገዥው ጉብኝት አነባለሁ። ሕዝቡ ጀርባውን ሰጠኝ። "ቀይ በሬ" የሚለው በመስኮት ገባ።

"ጨምረው!" አለ ሹሙ።

የማጉያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። የሽማግሌው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ፤ ቃላቸውን ግን ማንም አልሰማም። ሁለት ዘበኞች ጎትተው አወረዷቸው።

በሬውን ለካ በስማዳ መንገድ ያለ ገበሬ አግኝቶት ነበር። እንደ ወጉ አስሮ፣ ጠሪ ይሰማ እንደሆነ ሦስት ገበያ ጠበቀ። ምንም ባይሰማ ለጭቃ ሹሙ አስረከበ፤ ጭቃ ሹሙም ባለቤት የለውም ብሎ ሸጠው። ይህን ያወቅነው በሐምሌ ነው። ጎረቤትየው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ዘርቷል። የሴትዮዋ መሬት ጦሙን አደረ።

ሹሙ በሰው ፊት፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ "አመልክታ ቢሆን እንናገርላት ነበር" አለ። ወረቀቱ ያን ጊዜም ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ሴትዮዋ ደጅ ላይ አገኙኝ። "ድምፅህስ ያማረ ነው ልጄ" አሉኝና አለፉ።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ጣቢያ ሠርቻለሁ። የማዘጋጃ ቤቱን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ያ ማጉያ አቅሙ ደካማ እንደነበር በሳቅ ሲናገሩ ደሜ ይፈላል። ከገበያው ጫፍ አያልፍም ነበር፤ እውነት ነው። አንድ ሽማግሌ ለማፈን ግን አላነሰም፤ ቁልፉን ያዞረውም የእኔ እጅ ነው።