የጌሙ አለቃ የተነሱ ሰሞን

ጎረቤላ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ስመደብ ከሰው ጋር የማወራው በሥራ ሰዓት ብቻ ሆነ። ዓርብ ከሰዓት ባልደረቦቼ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ። የእኔም ቤት ደብረ ብርሃን ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ግን ወንድሜ ቤቱን አከራይቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ለእኔ የምሄድበት አልቀረም። አንድ ጊዜ ሄጄ ሆቴል አድሬ ተመለስኩ። በተወለዱበት ከተማ አልጋ መያዝ ደስ አይልም።

ጌሙን ስልኬ ላይ የጫንኩት በክረምት ነው። ጉሙ ከቆላው ወጥቶ ደጃፌ ላይ ሲቆም ቅዳሜና እሁድ አልገፋ ይለኝ ነበር። የመርከብ ጌም ነው። መጀመሪያ ትንሽ ጀልባ ይሰጣል፤ ዓሣ እያጠመዱ፣ ጣውላ እየለቀሙ ያሳድጓታል፤ ከዚያ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ተቧድኖ ሩቅ ደሴት መሄድ ነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። መርከቤን ሌላ ስም ስላልመጣልኝ "ጎረቤላ" አልኳት።

አንድ ቅዳሜ አንድ ትልቅ መርከብ አጠገቤ መጥቶ ቆመና በላቲን ፊደል፣ "ጎረቤላ የትኛዋ? የእኛዋ?" የሚል መልእክት ላከልኝ።

የመርከቡ ባለቤት የአሊዩ አምባ ሰው ነበሩ። ከእኔ ቁልቁል፣ በእግር እንኳ የሚወረድበት ቦታ። ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ጌሙን ያስተማራቸው ወደ አዳማ የሄደው ልጃቸው ነው። ደሴ፣ ጅማና ሐዋሳ ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎችን ሰብስበው ቡድን መሥርተው ነበርና ሁላችንም "ካፒቴን" እንላቸው ነበር።

ጌሙ የእኛን ፊደል አያውቅም። በአማርኛ የጻፍነው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። በላቲን ስንጽፍ ደግሞ "መጣ" እና "መታ" አይለዩም። አንዴ ካፒቴኑ "ወንበዴ መጣ" ብለው ቢጽፉልን "ወንበዴ መታ" ብለን አነበብን፤ ተመተው መስሎን ልናጽናናቸው ዙሪያቸውን ስንሰበሰብ ሁላችንም ተዘረፍን። ያን ቀን ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል፣ "እንግዳ መጣ እንዴ?" አለችኝ።

የጌሙን ድርጅት ያቋቋሙትና የሚመሩት ውጭ አገር ያሉ ሸበቶ ሰው ነበሩ። በየወሩ ከቤታቸው ኩሽና በቪዲዮ እየቀረቡ የተጫዋቾችን ጥያቄ ያነባሉ፤ የተበላሸ ነገር ካለ "ይሄን እኛ ነን ያበላሸነው" ይላሉ። ካፒቴኑ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ ቪዲዮው በወጣ ቁጥር ይደውሉልኛል።

"ሰውየው ምን አሉ?" ይሉኛል።

እኔም እያቆምኩ እተረጉማለሁ። ያን ቀን እጠብቀው ነበር። አንድ ጊዜ ስለ ፊደላችን ጽፌ ብጠይቅ ጥያቄዬን አነበቡት። ፊደሉ ውብ እንደሆነ፣ በቅርቡም ጌሙ ውስጥ እንደሚያስገቡት ተናገሩ። ካፒቴኑ ከእኔ ይበልጥ ኮሩ። ፊደሉ ግን ሳይመጣ ቀረ፤ ማንም አልተቀየማቸውም።

ከዚያ ድርጅቱ ለትልቅ ኩባንያ ተሸጠ። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ከኃላፊነት መነሳታቸውን የሚናገር አጭር መግለጫ ወጣ። በምትካቸው የተሾመችው ወጣት ሴት ከመስታወት ቢሮ ሆና ከወረቀት ላይ አነበበች። ገና ንግግሯን ሳትጨርስ ስድቡ ጀመረ። የዓለም ተጫዋች ሁሉ ለተቃውሞ የመርከቡን ሸራ ጥቁር አደረገ። በየቀኑ የማያቸው ሰዎች ጌሙን ከስልካቸው እያጠፉ ማጥፋታቸውን ያሳዩ ነበር።

ካፒቴኑ ቡድናችንን በጌሙ የድምፅ መስመር ሰበሰቡ።

"ያስነሷቸው በምን ምክንያት ነው?" አሉኝ።

"መግለጫው በስምምነት ተለያየን ነው የሚለው።"

"በስምምነት የሄደ ሰው ብቅ ብሎ ደህና ሁኑ ይላል። እሳቸው የታሉ?"

መግለጫውን ደግሜ አየሁት፤ ስማቸው እንጂ ቃላቸው የለበትም።

"እንግዲያው እኛም እንወጣለን" አሉ።

"ሴትዮዋን እስቲ እንያት" አልኩ። "ገና ምንም አላደረገችም።"

የደሴው ልጅ፣ "አንቺ ደግሞ የማን ጠበቃ ነሽ?" አለኝ። የማንም ጠበቃ አልነበርኩም። እናንተ ከወጣችሁ እኔ ቅዳሜ ምን ላደርግ ነው ብሎ መጠየቅ ግን አሳፈረኝ።

እሁድ ከሰዓት ተጫዋቹ ሁሉ ሊሰናበት ወደቡ ላይ ተሰበሰበ። ያን ያህል መርከብ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ሸራቸውን አውርደው አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር። ከእኛ መጀመሪያ የጅማዋ ሄደች፤ ከዚያ የደሴው። ካፒቴኑ መጨረሻ ላይ "አላህ ይጠብቃችሁ" ብለው ጻፉ፤ መርከባቸው የነበረበት ቦታ ውኃ ብቻ ሆነ። ጣቴ መውጫው ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። ስልኬ ባትሪው እስኪያልቅ እዚያው ቆምኩ።

ከጌሙ ውጭ መልእክት የምንላላክበት ግሩፓችን ለጥቂት ሳምንት በንዴት ሞቅ አለ። ኋላ የበዓል መልካም ምኞት ብቻ ሆነ፤ ኋላም ጸጥ አለ። ቪዲዮ መተርጎም ቀረ፤ ስልኬም መጥራት ቀረ። እኔ ግን መጫወቴን አልተውኩም። አዳዲስ ሰዎች ይመጣሉ፤ እጃቸውን አወዛውዘውልኝ ያልፋሉ።

አንድ ቀን ጌሙ ከታደሰ በኋላ ስገባ የስልኬን ፊደል ወደ ላቲን መቀየር ረስቼ "ሰላም" ብዬ ጻፍኩ። ሳጥን አልሆነም። "ሰላም" ሆኖ ወጣ። አጠፋሁትና እንደገና ጻፍኩት። አዲሷ አለቃ የብዙ አገር ፊደል አስገብታ ኖሯል፤ ያውም ምንም ሳትናገር። የጻፍኩት ባዶ ባሕር ላይ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ጠፋ። የሚያነበው አልነበረም።

ይህን ለካፒቴኑ በስልክ ብቻ መንገር አላስቻለኝም። ፈቃድ ወስጄ በገበያ ቀን ወደ አሊዩ አምባ ወረድኩ። ስወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሹራቤን አወለቅሁ። ጨርቅ ተራ ገብቼ ስዞር ከአንድ ድንኳን ውስጥ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ግዙፍ ሰው መስለውኝ ነበር፤ ቀጭን፣ አጭር፣ መነጽር ያደረጉ ናቸው።

"ካፒቴን" አልኳቸው።

ሽርጥ እያጣጠፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣ "ያ ረቢ፤ ጎረቤላ ነሽ" አሉ።

ስልኬን አሳየኋቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት።

"ማነው ያደረገው?"

"ሴትዮዋ።"

ሽርጡን አጣጥፈው ጨረሱ። "ደግ አድርጋለች። አላህ ይስጣት" አሉ።

"ይመለሳሉ ታዲያ?"

"አልመለስም ልጄ። እኔን ደስ የሚለኝ ሰውየው ሲያወሩና አንቺ ስትተረጉሚልኝ ነበር። የቀረው ዓሣ ማጥመድ ነው። ዓሣ ደግሞ አልወድም።"

ሳቅን። እኔን ደስ ይለኝ የነበረውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ደንበኛ መጣ፤ ሌላም ተከተለ። ለምሳ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው በእጄ ላይ ውኃ እያፈሰሱ፣ "ይህን ያህል ጊዜ ስትነጋገሩ ለምን አልመጣሽም? እዚሁ ላይ እኮ ነሽ" አሉኝ። መምጣት እንደሚቻል አስቤው አላውቅም ነበር።

ለዓረፋ ጠርተውኝ ሄድኩ። ደጎች ናቸው። ግን ከጌሙ ውጭ ከካፒቴኑ ጋር የምናወራው ቶሎ አለቀብን፤ አዳማ ስላለው ልጃቸው እኔ ደጋግሜ ጠየቅሁ፣ እሳቸውም ደጋግመው መለሱ።

ዘንድሮ አዲሷ አለቃም ለቀቀች። ይህን ጊዜ ያዘኑት እሷን ብቻ የሚያውቁ ተጫዋቾች ናቸው፤ "እንደ እሷ ያለ አይገኝም" ይላሉ። ያነበብኩ ዕለት ወዲያው ካፒቴኑ ጋ ደወልኩ።

"ሴትዮዋ ተነሳች እኮ" አልኳቸው።

"የትኛዋ ሴትዮ ልጄ?" አሉ። ከኋላቸው ገበያው ይጮኻል።

"ምንም አይደለም። እንዴት ናችሁ ልል ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። አንቺስ?"

"ደህና ነኝ" አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና ያጠብኩትን ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ውጭው ጉም ነበር፤ እንደማይደርቅ እያወቅሁ አሰጣሁት።