ቁጥር አንድ፦ ዘይት

አስተማሪ በሆንኩ በሁለተኛው ወር ክፍሌ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። የቆዳ ሥራ የማስተምርበት ክፍል ታቦር አካባቢ ነው፤ ያለን አንድ አሮጌ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ሁለት መዶሻና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው። የወረቀቱ ርዕስ «መኪናው ሲያስቸግር» ይላል፤ ከሥሩ ዘጠኝ ተራ ቁጥሮች አሉ። አንድ፣ ዘይት ጠብ ማድረግ። ሁለት፣ ክሩን አውጥቶ እንደገና ማስገባት። እንዲህ እያለ ይቀጥልና ሰባት ላይ መርፌ መቀየር ይመጣል። ግርጌው ላይ በቀይ «ከተስተካከለ እዚያው ይቁም» ብዬ ጻፍኩበት። በማስመሪያ አስምሬ የሠራሁት ስለነበር በጣም ኮርቼበታለሁ።

ከሰልጣኞቼ ትልቋ አምሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ክፍሉ በሙሉ «ማዘር» ይላቸዋል። በዚያ ሳምንት ማዘር የመጀመሪያ ትዕዛዛቸውን ተቀበሉ፦ ለቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ሃያ አራት የመዝሙር ደብተር መያዣ ቦርሳ፣ ለእሑድ ጠዋት። ራሳቸውም የኳየሩ ዘማሪ ናቸው።

«ካልደረሰ መሀላቸው ቆሜ በየትኛው አፌ ልዘምር?» አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ ሊያግዛቸው ተነሣ።

ሐሙስ ዕለት መኪናው መርፌውን ቆዳው ውስጥ እንደሰካ ቆመ። የሚሰፋው ልጅ ተነሥቶ ወረቀቱን አነበበና ዘይት ጠብ አደረገ። ትንሽ ሄደለት። ስለተስተካከለም እዚያው አቆመ። ከእሱ በኋላ የተቀመጠችውም ቆመባት፤ እሷም ከቁጥር አንድ ጀመረች። እኔ በመካከላቸው እየተመላለስኩ «ጎበዞች! በቅደም ተከተል!» እላለሁ።

ዓርብ ጠዋት ፔዳሉን ብንረግጥ ብንረግጥ የመኪናው ጎማ አልዞር አለ። ማዘር ጎንበስ ብለው ፔዳሉን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን የቆዳ ጠፍር ነኩና ጣታቸውን አሳዩኝ። ያብረቀርቃል።

«ቲቸር፣ ይሄን መኪና ልንሰፋበት ነው ወይስ ልንጠብሰው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ጠፍሩ በዘይት ሲርስ ለምን እንደሚንሸራተት ማስረዳት ጀመርኩ። መሀል ላይ አንድ ነገር መጣብኝና ንግግሬን አቋረጥኩ።

«ዘይት የጨመረ እጁን ያውጣ።»

ሁሉም አወጡ።

«ቁጥር ሁለት የደረሰ?»

አንድም እጅ የለም። መርፌውን ነቅዬ ጫፉን በጣቴ ሞከርኩት፤ ደንዝዟል። ሕመሙ ከመጀመሪያውም እሱ ነበር፤ ሰባተኛ ተራ ላይ ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰልጣኞቼ ያዘዝኳቸውን አንድ በአንድ ፈጽመዋል። ወረቀቱን ገንጥዬ ሳወርድ ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ እሱንም ቀስ ብለሽ፣ በቅደም ተከተል!» አለኝ። በዚህኛው እኔም ሳቅኩ።

የማዘር ፊት ግን ተለወጠ። ካለቁት ቦርሳዎች አምስቱ ላይ ዘይት ተንጠባጥቧል፤ የሚተካቸው ቆዳም የለንም። ቦርሳዎቹን አንድ ባንድ ገለበጧቸው። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ሰሌዳው ሄዱ፣ ጠመኔ አነሡ፣ በመዶሻ አደቀቁትና ነጠብጣቦቹ ላይ ነሰነሱት።

«ቅቤ ልብሳችን ላይ ሲፈስ ዱቄት ነው የምናደርግበት» አሉ። «ይሄም ዱቄት ነው።»

ከምሳ በኋላ ስናራግፈው ነጠብጣቡ ደብዝዞ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደግመን ካደረግንበት በኋላ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው አልነበረም። እኔም ከእሳቸው ተምሬ ጠፍሩን በጨርቅ ወለወልኩና ጠመኔ አሸሁበት። ወፍራም የቆዳ መርፌ አስገባን። ማዘር ረገጡት፤ መኪናው ድርብ ቆዳውን ያለ አንዳች ማቅማማት እየበሳ ሄደ። ማዘርም እየረገጡ መዘመር ጀመሩ።

ቅዳሜ የቀረን ቁልፍ መምታት ነበር፤ ወንዴና ሴቴ ያለው፣ ሲጫኑት ጠቅ የሚለው አውቶማቲክ ቁልፍ። የመጀመሪያው ገና ሲከፈት ቆዳውን ጥሎ ወጣ። ቦርሳዎቹን የሠራንበት የበግ ቆዳ ስስ ነው፤ ቀዳዳውንም በምስማር ስለበሳነው ሰፍቷል። ስለዚህ ከኋላው ጠንካራ ቁራጭ ቆዳ በማስቲሽ ለጠፍን፣ በቀጭን ወስፌ በሳን፣ ጠረጴዛው የመዶሻውን ምት ስለሚያነጥርም ብረት አስደግፈን መታን። ማዘር እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ ከፈቱ፣ ዘጉ። ከሰዓት በኋላ ሃያ አራቱንም ባጃጅ ላይ ጭነው ሄዱ።

እሑድ ጋብዘውኝ ሄድኩ። ኳየሩ ቆመ፤ መሪው ምልክት ሲሰጥ ሁሉም ቦርሳቸውን በአንድ ጊዜ ከፈቱ። ጸጥ ባለው አዳራሽ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሞላ፤ ከፊት የተቀመጡት ዘወር ዘወር አሉ፣ አንድ ሕፃን ሳቀ። የወደቀ ቁልፍ የለም። ማዘር ከሁለተኛው ረድፍ አንገታቸውን አስግገው ፈለጉኝ፤ ሲያገኙኝ የእሳቸውን ቦርሳ ዘጉና፣ ሆን ብለው፣ እንደገና ከፈቱት። ከዚያ ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው ዘመሩ።