ባሕር የየት ቀበሌ ነው? ከዓለም ባንክ እስከ ዝዋይ በጥያቄ

ንጋት፣ ዓለም ባንክ

ፌርማታው ላይ ስንደርስ ወፎቹ እንኳ ገና እያዛጉ ነው። በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዣለሁ። ቦርሳው ውስጥ ዳቦ፣ ሎሚ፣ ፎጣ፣ ትርፍ ካልሲና ጸበል አለ። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው፤ ክዳኑን ጨርቅ ደርቤ ራሴ ጠርቅሜዋለሁ። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው እንዲህ ያለ ጀሪካን ካቀፈ አይሰጥምም ብላ አንዲት ጎረቤቴ ነግራኛለች። እሷም ዋና አትችልም፤ የነገረችኝ ግን በሙሉ ልብ ነው።

"እማዬ፣ ውሃ ልንቀዳ ነው እንዴ የምንሄደው?" አለች ማህሌት።

ማህሌት የመጀመሪያ ልጄ ናት። በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቃ፣ የመርከብ ሞተር ሥልጠናም ጨርሳ፣ አሁን የውጭ አገር ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ሥራ አግኝታለች። በሚመጣው ሳምንት በአውሮፕላን ትሄዳለች። መርከብ ላይ ለመሥራት በአውሮፕላን መሄድ! ነገሩ ያልጣመኝ ከዚህ ጀምሮ ነው።

ሕጉ የእናት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይህን ቀድማ ነግራኛለች። ሳልመርቃት ግን እግሯን እንደማታነሳ ነግራኛለች። አባቷ "እናትሽን ጠይቂ" ብሎ ከነገሩ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ከባኞ የሚበልጥ ውሃ ውስጥ ገብቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። ምን ብዬ ልመርቅ? ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። ሽንኩርት ስልጥ እጠይቃለሁ፤ ተኝታ ቀስቅሼ እጠይቃለሁ። በመጨረሻ ምርር ሲላት ውል አቀረበች።

"ሕግ መልስ የማይሰጥበት አንድ ጥያቄ ካገኘሽ እቀራለሁ። ካላገኘሽ ትመርቂኛለሽ።"

ተስማማሁ። የውሃ ጥያቄ ደረቅ ላይ ተቀምጦ አይጠየቅምና ጀልባ አሳፍሪኝ ብዬ አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ። ዝዋይ ቅርብ ነው ተባለ። አሁን ባቱ ነው የሚባለው፤ አፌ ግን ዝዋይን ለምዷል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እዚሁ ሰፈር ለዕድራችን ሊቀ መንበር ለጋሽ ዘለቀ አቅርቤ ነበር። የአባል ልጅ ባሕር ላይ ብትሞት ዕድሩ ይቀብራል ወይ? ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ባሕር የየት ቀበሌ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ።"

"ቀበሌው ካልታወቀ ድንኳኑን የት እንትከል፣ ወይዘሮ አስካለ?"

ዕድር እንዲህ ነው። ይህን ሳስብ ታክሲው መጣ። ወያላው ጀሪካኔን አይቶ "ማዘር፣ ዘይት ከሆነ ወደኋላ ይሂድ" አለኝ።

"አየር ነው" አልኩት።

እኔን አየ፣ ጀሪካኑን አየ። "እሺ፣ አየሩ ወንበር ከያዘ ግን ሒሳብ ይከፍላል።"

ማለዳ፣ ከቃሊቲ ወዲያ

አየር ጤና ወርደን፣ በቀለበት መንገዱ ቃሊቲ ደርሰን የዝዋይ ሚኒባስ ያዝን። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ፤ መንገዱን እኔም ካላየሁት መኪናው የሚሄድ አይመስለኝም። ሾፌሩ መፋቂያ በአፉ ይዞ በአንድ እጁ ይነዳል።

"ሾፌር፣ ትርፍ ጫንክ እኮ።"

"ማዘር፣ እነዚህ ትርፍ አይደሉም፤ ቀጫጭኖች ናቸው።"

ወደ ማህሌት ዞርኩ። "መርከብ ላይስ ትርፍ ይጫናል?"

የመርከብ ጎን ላይ የተቀባ ምልክት አለ አለች። ውሃው ከምልክቱ በላይ ከወጣ መርከቡ ከልኩ በላይ ጭኗል ማለት ነው፤ የወደብ ተቆጣጣሪዎች እንዳይነሳ ሊያግዱት ይችላሉ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየን።

"የኛም እንደዚያው ነው። ጎማው ካልታየ ሞልቷል።"

ዱከም ሳንደርስ መኪናው በሙሉ የባሕር ሕግ ተማሪ ሆነ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ባለ ነጠላ እናት፣ "የኔ ልጅ፣ መሐል ባሕር ላይ ሰው ቢደባደብ ማን ይዳኛል?" ብለው ጠየቁልኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ እኔ አልደረስኩበትም ነበር።

"መርከቡ የሰቀለው ባንዲራ ነው የሚወስነው እማማ" አለች ማህሌት። "መሐል ባሕር ላይ የባንዲራው አገር ሕግ ይሠራል። ወደብ ሲገባ ደግሞ የወደቡም አገር ሕግ ያገኘዋል።"

"ያንቺ መርከብ ባለቤት የየት አገር ሰው ነው?" አልኩ።

"ግሪክ።"

"ባንዲራውስ?"

"የፓናማ።"

"ግሪክ ሆኖ ሳለ የፓናማ?"

"ይፈቀዳል እማዬ። መርከቡ የተመዘገበው እዚያ ነው።"

"ይኼማ የሰው ኮት ተውሶ ፎቶ እንደ መነሣት ነው።"

ሰው ሳቀ። እኔ ግን በሳቁ መሐል ዋናውን ፍርሃቴን አወጣሁት። ካፒቴን ሰው ያጋባል ይባላል። መርከቡ ላይ ደግሞ ፊሊፒናውያን ወንዶች ሞልተዋል አሉ። ማህሌት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ካፒቴን እንዲሁ ተነስቶ አያጋባም፤ የባንዲራው አገር ሥልጣን ከሰጠው ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ አገሮችም አይሰጡትም አለችኝ።

"ብትወልጂስ? ልጁ ፓናማ ሊሆን ነው?"

"ኢትዮጵያዊት የወለደችው ኢትዮጵያዊ ነው እማዬ፤ ባሕር ላይም ይሁን ኮልፌ። ደግሞ ማንን አገባሁና ነው የምወልደው?"

"አይዞሽ ማዘር" አለ ሾፌሩ፣ "ፊሊፒኑ ዓለም ባንክ ድረስ ሽማግሌ መላኩ አይቀርም።"

ረፋድ፣ ሞጆ

ደረቅ ወደቡ ከመንገዱ ይታያል። ኮንቴነር በኮንቴነር ላይ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ዝገት፤ ልክ መስኮት የተረሳበት ኮንዶሚኒየም። እኔ ውሃውን ፈለግኩ።

"ስሙ ላይ ደረቅ ብሏል እኮ" አለችኝ ማህሌት።

ሞጆ ለቁርስ ቆምን። ሻይ፣ ፍርፍር፣ ከዳር ደግሞ ሽንኩርት በጆንያ የሚሸጡ ሴቶች። እየበላን ከባድ ጥያቄ ወረወርኩ፦ ማዕበል ቢመጣና መርከቡ ሊሰጥም ቢሆንስ? ካፒቴኑ መርከቡን ለማዳን ከጭነቱ የተወሰነውን ወደ ባሕር ሊጥል ይችላል አለች። ዕቃው የተጣለበት ሰው ብቻውን አይከስርም፤ መርከቡ ከዳነ ባለ መርከቡም፣ ዕቃቸው የተረፈላቸውም ሁሉ ኪሳራውን ይካፈላሉ።

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። "ይኼማ ዕድር ነው!"

"ነው።"

ጋሽ ዘለቀን ታዘብኳቸው። ባሕሩ ራሱ ዕድር አለው፤ ድንኳን ነው የሌለው። ደስ እንዳለኝ ግን አላሳየኋትም።

"ደሞዝ ቢከለክሉሽስ?"

"መርከቡ ይታሰራል።"

"መርከብ እኮ ወደብ ላይ ሁሌም ይታሰራል። በገመድ።"

"በፍርድ ቤት ነው የምልሽ። የሠራተኛ ደሞዝ ያልከፈለ መርከብ በዳኛ ትእዛዝ ታስሮ፣ እስኪከፍል ወይ ዋስ እስኪጠራ ንቅንቅ አይልም።"

ያን የሚያህል ብረት እንደ ሰፈር ጎረምሳ ታስሮ ዋስ ሲጠራ ታየኝና ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ። ብትታመም ማሳከምና ወደ አገሯ መመለስ የባለ መርከቡ ግዴታ ነው፤ ይህንንም መለሰች። ጥያቄዎቼ እያለቁ ነው። ከመቂ በኋላ የቲማቲም ማሳ ላይ አፈጠጥኩ። ልጄ የምትቀርበት ጥያቄ ከነዚህ ማሳዎች በአንዱ የበቀለ ይመስል አይኔ ይፈልጋል።

ቀትር፣ ዝዋይ

ሐይቁ ቡናማ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ዝም ብሎ አይቆምም። ዳሩ ላይ አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ ጡረታ እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ተሰልፈው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ጀልባ የሚያከራየን ሰው ገመዳ ይባላል፤ አርባ ያለፈው፣ ሳቂታ ነው። ጀልባውን ዳር ካለ ግንድ ጋር ያሰረው በተቀደደ የዓሣ መረብ ነው።

"ገመዳ ተብለህ ገመድ የለህም?"

"ገመዱን ትላንት ሰረቁኝ እናቴ። ስሜን ግን አልነኩትም።"

"ፈቃድ አለህ?"

"አለኝ።"

"ብንሰጥም ማን ነው የሚጠየቀው?"

"እኔም አብሬ እሰጥማለሁ እናቴ፤ ማን ያገኘኛል?"

ብርቱካናማ ሰደርያ ሰጠን፤ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ነው። የአንዱ መቆለፊያ ተሰብሯል። ማህሌት ምንም ሳትል ደህናውን እኔን አለበሰችኝ፣ የተሰበረውን ራሷ ለበሰችና በጫማዋ ማሰሪያ ቋጠረችው። እኔ በላዩ ጀሪካኔን አቅፌ ገባሁ።

መጀመሪያ መልካም ነበር። ነፋስ አለ፣ ራቅ ብሎ የጉማሬ ጆሮ ይታያል፤ ገመዳ ጆሮ ነው ስላለ ጆሮ ነው ብዬ አመንኩ። ዳሩ ቀጭን መስመር ሲሆን ሞተሩ እንደ ጉንፋን ያዘው ሰው ሳለና ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ኮልፌ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ማህሌት ሞተሩን ከመንካቷ በፊት የኔን መቆለፊያ ሳብ አድርጋ አየች፣ ቀጥላ የገመዳን። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ኢንጂነር ናት" አልኩት ገመዳን። ጀሪካኔን እንዳቀፍኩ መኩራቴ አልቀረም።

ሞተሩን ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ ከደነችው፣ ታንከሩን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ይህ ሁሉ ዓመት ተምራ፣

"ቤንዚን የለውም" አለች።

"ነበረው" አለ ገመዳ። ድንገት አይኑ በተስፋ እቅፌ ላይ አረፈ። "እናቴ፣ ያ ጀሪካን…"

"አየር ነው።"

በዚህ መሐል ስልኬ ጠራ፤ ባለቤቴ ነው። "ምን ሆንክ?" አልኩ። ስልክ ሳነሳ ሃሎ አልልም፤ ማንም ይደውል ማን፣ የልደት መልካም ምኞት ቢሆን እንኳ፣ "ምን ሆንክ?" ነው የምለው።

"ሽሮው የት ነው?" አለ።

"ከቡናው ጀርባ" ብዬ ዘጋሁት። ያን ጊዜ ጥያቄው መጣልኝ።

"ማሂ፣ መርከብ ላይ ስልክ አለ?"

"ባለ መርከቡ በተቻለው መጠን ለሠራተኞቹ ስልክና ኢንተርኔት ማመቻቸት አለበት። ስምምነት አለ።"

"እሱ የባለ መርከቡ ግዴታ ነው። እኔ የጠየቅኩሽ የልጅን ነው። ባሕር ላይ ያለች ልጅ ለእናቷ በየስንት ጊዜ መደወል አለባት? የቱ ሕግ ነው የሚያስገድዳት?"

ወደ ውሃው አየች። ገመዳ እንኳ እንዲረዳት ሽቅብ ሰማይ አየ።

"የለም" አለች። "አሸነፍሽ።"

ልጄን ከባሕር አወጣኋት። እልል ማለት ነበረብኝ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ በሞተር ጀልባው በአጠገባችን ሲያልፍ ገመዳ ሰደርያውን አውልቆ አውለበለበ። ሰውየው ቀረብ ብሎ ሞተሩን አቀዘቀዘና ስንት ትከፍላላችሁ በሚል ዓይን አየን። ማህሌት ድምፅዋ ቀዝቅዞ እንኳ ሕጓን አልተወችም።

"አደጋ ላይ ያለ ሰው አይቶ ማለፍ በባሕር ሕግ ክልክል ነው።"

"ይኼ ሐይቅ ነው" አለ ዓሣ አጥማጁ።

"ሰው ያዳነ ከዳነው ሰው ዋጋ አይጠይቅም። ጀልባና ዕቃ ያዳነ ግን ድርሻ አለው።"

ሰውየው ትንሽ አሰበበት። "ይኼን ሕግ ወደድኩት። ገመዳ፣ ሴቶቹ በነጻ ናቸው። አንተና ጀልባህ ትከፍላላችሁ።"

"እኔስ ሰው አይደለሁም?"

"አንተ ከዕቃው ጋር ነህ።"

ገመድ ነበረው። ወረወረልን፣ ማህሌት ተቀብላ አሰረችው፤ እንዴት እንዳሰረችው አላየሁም፣ እጇ ግን አላመነታም። እየተጎተትን ዳር ደረስን። የገመዳ ዕዳ እኔ በከፈልኩት የዓሣ ጥብስ ተወራረደ፤ አራታችንም አብረን ቀረብን፣ ዓሣ አጥማጁ የአምስተኛ ሰውም በላ። ሾርባው በሎሚና በሚጥሚጣ ነው። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቴም ያነበዋል። ማህሌት ዓሣዋን ገላበጠችው እንጂ አልቀመሰችውም።

አመሻሽ፣ መልስ

ስንመለስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሞጆ ላይ ኮንቴነሮቹ ሲታዩ ፊቷን ከመስኮቱ ወደ ውስጥ መለሰች። እኔ ግን የተሰበረውን መቆለፊያ እያሰብኩ ነበር። ልጄ ትሰጥማለች ብዬ ነው ቀኑን ሙሉ ስፈራ የዋልኩት፤ መሐል ውሃ ላይ ግን የሁላችንን መቆለፊያ የቆጠረችው እሷ ናት። እኔ አየር አቅፌ ተቀምጫለሁ።

"ማሂ፣ ሕግ ሲጠፋ ምን ይደረጋል?"

"ይወጣል" አለች ወደ እኔ ሳትዞር።

"እንግዲያው እናውጣ። አንቀጽ አንድ። ወደብ በደረስሽ ቁጥር ትደውያለሽ። ኔትወርክ ካለ ደግሞ እሑድ እሑድ።"

ቀስ ብላ ዞረች። "ብጥስስ?"

"መርከቡን አሳስራለሁ።"

አይኗ ሞላ፤ ግን ነገረኛ ልጅ ናት፣ አልለቀቀችኝም። "አንቀጽ ሁለት የኔ ነው። ስደውል 'ምን ሆንሽ?' ብለሽ አታነሺም።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ሃሎ። እንደ ሰው።"

ከባድ አንቀጽ ነው። ቃሊቲ እስክንደርስ ስከራከር ቆይቼ ፈረምኩ፣ ማለት እጇን ጨበጥኩ።

ዓለም ባንክ ስንወርድ መብራት በርቷል። ፌርማታው ላይ፣ ሰው እየገፋን፣ ወያላው "ሳንሱሲ፣ ሳንሱሲ" እያለ እየጮኸ፣ ልጄ ጎንበስ አለችልኝ። እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። "ባሕሩ እንደ ባኞ ውሃ ይርጋልሽ" አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። "አሜን" አለች። ከጎናችን ወረፋ የያዘ የማላውቀው ሰውም "አሜን" አለ።

እሷ ዳቦ ልትገዛ ቀረች፤ እኔ ቀድሜ ቤት ደረስኩ። ባለቤቴ ሽሮውን አላገኘውም፤ በደረቅ ዳቦ ነው የዋለው። ነጠላዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጠራ። ማህሌት ናት።

"ምን…" አልኩና ዋጥኩት። "ሃሎ።"

ከወዲያ ሳቋን ስታፍን ሰማኋት።

"እማዬ፣ ጀሪካኑን ታክሲ ውስጥ ረስተነዋል። ተራው ጋ ሄጄ ልፈልገው?"

"ተዪው" አልኳት። "አየር ነው።"